ወይራ የታሰረበት ቃሬዛ

እመት አስካለ ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም። ለሞተ ሰው ይታዘናል፣ ይለቀሳል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይረሳል። እኔ ሐዘኑንም ልቅሶውንም በጊዜው ጨረስኩና ንዴቱ ብቻ ቀረኝ።

ሰሞኑን ደግሞ ጭራሽ ተቀሰቀሰብኝ። አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ ከላይ መጥቶ መካነ ሰላም ላይ ስብሰባ ጠራ። እኛን ጡረተኞቹን ለክብር ብሎ ከፊት አስቀመጠን። ልጁ ጨዋ ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣኝም። በሽተኛን ቤቱ ከሚያስታምመው ሰው ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ደግሞ መልሶ ወደሚያስታምመው ሰው ስለ ማቀባበል ሲያስረዳ አረፈደ። ሁለቱ ወገኖች መተዋወቅ፣ መላላክ፣ መተማመን አለባቸው አለ። ይህን ሁሉ ደህና አድርጎ ካስረዳ በኋላ "ለአካባቢያችን አዲስ አሠራር ነው" ብሎ ደመደመ። አዲስ! ተነስቼ ልናገር ፈለግሁና ከንዴቴ ብዛት መልሼ ተቀመጥኩ። ልጁ አየኝና "አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለ። ውሃ ምን ያደርግልኛል? እመት አስካለን አምጣልኝ ብል ደግሞ ጃጀ ይለኛል።

በክፉው ቀን ጊዜ፣ በስልሳዎቹ አጋማሽ፣ እኔ መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። ሕዝቡ "ሐኪም" ይለኝ ነበር እንጂ ሐኪም አልነበርኩም። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነውን "ሆስፒታል ይሂድ" እላለሁ። ሆስፒታሉ ያለው ከወረኢሉም አልፎ፣ በጭነት መኪና ተውሎ በሚደረስበት ከተማ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የዛሬዎቹ ሠራተኞች ምን በደሉኝ? በበጋ መኪናው እኛ ድረስ ይመጣል። በክረምት ጭቃ ስለሚይዘው ወረኢሉ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ የሚሠራው የሰው ትከሻ ነው።

እመት አስካለ የአንድ መሪጌታ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለችው ቤታቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ድምፃቸው ጎርናና ስለሆነ ከውጭ ለሰማቸው ወንድ ይመስላሉ። ሲናደዱ የቀኝ እጃቸውን ጀርባ በግራ መዳፋቸው ላይ ጧ! ያደርጉታል። ቢሮ ሲገቡ ወንበር ቢቀርብላቸውም አይቀመጡም። ምክንያቱን አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ "ከተቀመጥኩማ ረስተውኝ ምሳቸውን ይሄዳሉ" አሉኝ።

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል። ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው ይሸከማሉ፣ ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ለሐዘንተኛው ቤት በተራ ምግብ ያደርሳሉ። ሬሳው ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ አንዱ መንደር እስከ ድንበሩ ተሸክሞ ለቀጣዩ መንደር ቅሬ ያስረክባል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ አገሩ ያደርሱታል። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው። "አልወጣም" የሚል የለም፤ እንዲያ ያለ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ደጁ ሰው አያይም።

ድርቁ ሲጠና ከቆላው፣ ከበሽሎና ከአባይ በረሃ፣ ሰው ወደ ደጋው ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞላ፣ የገበያው ዳር ሰው ተኛበት። ቅሬው ከቀብር ወደ ቀብር ሆነ ውሎው። እኔም የነበረኝን መድኃኒት ጨርሼ ባዶ ቁምሳጥን እየከፈትኩ መዝጋት ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ከቀብር መልስ፣ ሰዉ አፈሩን አራግፎ ሊበተን ሲል፣ እመት አስካለ መካከል ገብተው ቆሙ።

"እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ የቀበራችሁት ሰው ከትናንት ወዲያ ገበያ ዳር ተኝቶ ውሃ ይለምን ነበር። አይታችሁ አልፋችሁታል፤ እኔም አልፌዋለሁ። ሲሞት ጊዜ ግን ይኸው ትከሻችን ተገኘ። ይሄ ቃሬዛ የሚያውቀው ሬሳ ብቻ ነው?"

የቅሬው ዳኛ አያ በለጠ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንብ ይወዳሉ። "እመት አስካለ፣ አንቱ ደሞ" አሉ፤ "የሬሳ ቃሬዛ ላይ ሕያው ሰው መጫን ሟርት ነው። ማን ይደፍራል?"

"እኔ!" አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ቃሬዛው ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ።

ሴቶቹ ጮኹ። አያ በለጠ አማተቡ። እመት አስካለ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ሰማይ ሰማይ እያዩ ትንሽ ቆዩና፣ "አልሞትኩም" አሉ። "በሉ አንሱኝና ገበያ ዳር አድርሱኝ። እዚያ እኔ እወርድና የታመመ ይጫናል።"

ተሸከሟቸው። ምን ያድርጉ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሬዛው ለሕያውም ወጣ። ሴቶቹም ለሐዘንተኛ ሲያዞሩት የነበረውን ተራ ለበሽተኛ አዞሩት፤ አንዷ ቤት አንድ ታማሚ ይተኛል፣ ሌሎቹ አጥሚትና ሽሮ ያደርሳሉ፣ ገላ ያጥባሉ። እኔ እየዞርኩ አያለሁ። ከአቅማችን በላይ የሆነውን ቅሬው ተሸክሞ መኪና ላይ ይጭናል፤ ከመኪና አውርዶም ሆስፒታል በር ድረስ ያደርሳል። ይህን የሰማ ሰው ቤቱ ጥጋብ ያለ እንዳይመስለው። ከተራበ ቤት ተቀንሶ ነው የሚሰጠው።

መጀመሪያ በሽተኛ ይዘን የሄድን ቀን የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን መሳቅም መናደድም እኩል ይመጣብኛል። የያዝናት በሽተኛ ሆዷ የተነፋ የቆላ ሴት ናት። ፀሐይ እንዳይመታት ፊቷን በነጠላ ሸፍነናታል። ስምንቱ ተሸካሚዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደለመዱት የቀብር እርምጃ ይራመዳሉ። ሌላ አካሄድ የት ያውቃሉ? የሆስፒታሉ ዘበኛ አያ ሰይድ ይባላል። ረጅም፣ ጢሙ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ከሩቅ ሲያየን ተነስቶ ቆመ፤ ቆቡን አወለቀ። "ያጽናችሁ። በጓሮ በኩል ግቡ" ብሎ በእጁ አሳየን። የኛ ሰዎች ደግሞ ቃሬዛ ትከሻቸው ላይ ካለ መሪ ያለውን መታዘዝ ነው ልማዳቸው፤ ያለ ቃል ዞረው ሄዱ። እኔና እመት አስካለ ከኋላ ስንደርስ ሴቲቱ ሬሳ ቤት በር ላይ ተቀምጣለች። ነጠላውን ከፊቷ ገልጣ "ደረስን?" አለች። የሬሳ ቤቱ ሰው አጥር ዘልሎ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

እመት አስካለ በር ላይ ተመልሰው አያ ሰይድ ፊት ቆሙና መዳፋቸውን ጧ! አደረጉ። "አንተ ሰውዬ፣ ሕያውን ከሙት የማትለይ ዘበኛ ነህ?"

"እናንተስ ቀብር መስላችሁ መጥታችሁ!" አለ እሱም። "ወላሂ እኔ ምን ላድርግ፣ ፊቷ ላይ ምን ተጽፏል?"

እውነቱን ነበር፤ እመት አስካለም አላጡትም። በሚቀጥለው ጉዞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የወይራ ቅርንጫፍ አስቆርጠው የቃሬዛው ራስጌ ላይ አሰሩበት። "ወይራ ያለው ሕያው ነው። ወይራ የሌለው ሬሳ ነው። በየመንደሩ ንገሩ" አሉ። ነገሩ በየመንደሩ ገባ። ክረምት ላይ ቃሬዛው ከመንደር መንደር ሲቀባበል ወይራውን ያየ ቅሬ እንደ ቀብር አያዘግምም፤ ይሮጣል። ድኖ የሚመለስ ሰው ሲሆን ደግሞ ሴቶቹ ወይራውን ከሩቅ አይተው እልል ይላሉ።

እዚህ ድረስ ደስ የሚል ነገር ነው የነገርኳችሁ። ሌላው እንዲህ አይደለም።

ደምሴ የሚባል የበሽሎ ገበሬ ነበር። ቤተሰቡ በረሃብ አልቆበት ብቻውን የመጣ ሰው ነው። እመት አስካለ በራሳቸው መደብ ላይ አስተኝተው አስታመሙት፤ ሲብስበት ሆስፒታል ላክነው። ሆዱን ቀደው አዳኑት። ሐኪሞቹ ሥራቸውን ሠሩ፤ ይህን አልክድም። ከዚያ "ድነሃል፣ ሂድ" ብለው ከበር አስወጡት። ወዴት ይሂድ? ከተማውን አያውቅም፣ የሚያውቀው ሰው የለም፣ ቁስሉ ገና ነው። ለኛ የነገረን የለም። መኪና ተራው አጠገብ ተቀምጦ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ሲጠብቅ ሞተ። ይህን የነገረን የጭነት መኪናው ሹፌር ታደሰ ነው፤ የደረሰው ዘግይቶ ነበር።

እመት አስካለ ሲሰሙ አላለቀሱም። "ማሰሮ የተዋሰ ሰው እንኳ 'እንኪ ማሰሮሽን' ይላል" አሉ። "እኔ ሰው ነው የሰጠኋቸው። ሲያወጡት ውሰጂ አይሉኝም? አንዲት ቃል መላክ አቃታቸው?" በሚቀጥለው መኪና ተሳፈሩ፤ እኔም በሽተኛ ስለነበረኝ አብሬ ሄድኩ።

የሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ቢሮ በር ላይ ከጥዋት ጀምረው ቆሙ። ወንበር ቀረበ፤ እምቢ አሉ። ሰውየው ሦስት ጊዜ ወጥቶ ገባ። በመጨረሻ፣ "እናቴ፣ ምን ልርዳዎት?" አለ።

"ሁለት ነገር። እኛ የምንልከውን ሰው ተቀበሉን። ስታወጡት ደግሞ ንገሩን። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሞተም ዳነም የኛ ነው፤ እንወስዳለን።"

ሐኪሙ ደህና ሰው ነበር። አሰበና "ታደሰ በሚባለው ሹፌር እንልክልዎታለን" አለ። ቃሉንም ጠበቀ። ያን በጋ ታደሰ ገበያው ዳር ሲደርስ ከመኪናው አንገቱን አውጥቶ "እመት አስካለ! ሰውዎ ሐሙስ ይወጣል!" እያለ ይጮህ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይሰማል። ቃሬዛው ይወጣል፤ ወይራው ይታሰራል። በዚያ ሁሉ መከራ መሃል የሚያስደስተን እሱ ነበር፤ የሰጠነው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ማየት።

ከዚያ ያ ሐኪም ተዛወረ። ቢሮው ያው ነው፣ በሩ ያው ነው፤ የተናገረውን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሹፌሩ ሲጠይቅ "ምን ቃል? የምን መላክ?" አሉት። እመት አስካለ እንደገና ሄዱና ቆሙ። አዲሱ ሐኪም የወረቀት ሰው ነው።

"የየትኛው ድርጅት ነዎት?"

"የቅሬ።"

"ቅሬ የቀብር አይደለም እንዴ?"

"ነው። ሥራ በዛብንና አግዙን ልል ነው የመጣሁት።"

ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁም አሸነፈው። እሺ አለ። እንደገና ታደሰ ገበያ ዳር መጮህ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፤ ያን ሐኪም ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ወሰዱት። ሦስተኛው መጣ። ይኼኛው ወጣት ነው፤ "ለሰፊው ሕዝብ" ሲል ይንቀጠቀጣል። "እናት፣ ከእንግዲህ እንዲህ ያለ የግለሰብ ልመና አያስፈልግም፤ አብዮቱ ጤናን ለሁሉም ያዳርሳል" አላቸው። "ያዳርስ ልጄ፣ እልል ነው የምለው። እስኪያዳርስ ድረስ ግን የነገውን ሰው ምን እናድርገው?" አሉት። ትንሽ ተከራክሮ ተረታ። ገና አንድ ሰው ሳይመልስልን እሱም ወደ ሌላ አውራጃ ተላከ። መካከል ላይ የጠፉብንን ሰዎች አልዘረዝርም። አንዳንዶቹን ጨርሶ አላገኘናቸውም።

ከአንዱ ጉዞ ስንመለስ፣ መኪናው ጀርባ ላይ ከማሽላ ጆንያ ጋር እየተንገጫገጭን፣ ቻልኩ ቻልኩና አልቻልኩም። "በቃኝ እመት አስካለ" አልኩ። "ውሃ በወንፊት ነው የምንቀዳው። አንዱን ስናስረዳ ሌላው ይመጣል። ይሄ ቤት ማስታወሻ የለውም እንዴ? ሰው ሲሄድ ቃሉንም ይዞት ነው የሚሄደው?"

"እንደገና ከሀ እንጀምራለና።"

"ስንት ጊዜ ሀ?"

"ሐኪሜ፣ ስትናደድ የሚያምርብህ መስሎህ ነው?" አሉና ነጠላቸውን ጎትተው አቧራውን ከዓይናቸው ጠረጉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። "እኔ አልናደድም ያለህ ማን ነው? ይሄን በር ሳየው አንዳንዴ ድንጋይ መወርወር ያሰኘኛል። ግን ወርውሬ እሄድና፣ ደምሴን ማን ያምጣልኝ?" ደምሴ ከሞተ ስንት ጊዜው! እሳቸው ግን የሚቀጥለውን ሁሉ ደምሴ ይሉት ነበር።

በሩ ላይ ያለው አያ ሰይድ ብቻ አልተለወጠም። ሐኪም ይመጣል፣ ሐኪም ይሄዳል፤ እሱ ያችው ጎጆው ደጃፍ ነው። እመት አስካለና እሱ ሰላምታቸው ጭቅጭቅ ነበር።

"ሰዓት አልደረሰም" ይላል።

"የማን ሰዓት? ክፈት ባክህ!"

"ማናት ዛሬ የያዝሻት?" አንቱ አይላቸውም ነበር፤ ከሬሳ ቤቱ ጠብ ወዲህ አንቺ ነው የሚላቸው።

"ምን አገባህ? ጦይባ ትባላለች፣ ከቆላ ናት። በል ክፈት።"

"የባለፈው ሰውዬስ?"

"ዳነ። ክፈት አልኩህ!"

ይከፍታል። እኛም እሱን እንደ በሩ እንጨት አልፈነው እንገባለን። ጉዳያችን ከውስጥ ካሉት ጋር ነበር።

አራተኛው ዋና ሐኪም ጨርሶ አልተበገረም። እመት አስካለ ሙሉ ቀን ቆመውበት ማታ ላይ ወጥቶ፣ "ወሬ ማመላለስ የሆስፒታል ሥራ አይደለም" አላቸውና በሩን ቆልፎ ሄደ። በሚቀጥለው ጊዜም ሄዱ፤ ያንኑ አለ። ከዚያ በኋላም ሄዱ።

በመጨረሻው ክረምት እመት አስካለ መክሳት ጀመሩ። ሰውነታቸው ቀድሞም ቀጭን ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ጤና ጣቢያ መጥተው ቆሙ፤ እኔ ዘንድ እንኳ አይቀመጡም። "ሐኪሜ፣ ሆዴን እስኪ ያዝልኝ" አሉ። ያዝኩት። እጄ የነካውን ሲያውቅ ፊቴን መደበቅ አልቻልኩም።

"ሆስፒታል ነው" አልኩ።

"እኔ ከሄድኩ ማን ይልካል? ማን ይቀበላል?"

"አፈር ስሆን ይሂዱ" አልኩ። ቀጥሎ የተናገርኩት በንዴት ነው፤ "ሌላውን ሁሉ ሲልኩ ኖረው እርስዎ ሲሆኑ ነው ወደኋላ የሚሉት?"

ሳቁና እሺ አሉ። ቅሬው በሙሉ ወጣ። አያ በለጠ ራሳቸው ወይራውን አሰሩ። እመት አስካለ ቃሬዛው ላይ ሲጋደሙ አያ በለጠን አይተው፣ "ሟርቱ አሁን ነው የያዘኝ በሉ እንጂ" ብለው ቀለዱባቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ። ጭቃውን፣ መንደሩን፣ ዳገቱን እየተቀባበልን ወረኢሉ አደረስናቸው፤ ታደሰ ተቀበለን። እኔ ግን በዚያ ክረምት ጤና ጣቢያውን ጥዬ ከዚያ ማለፍ አልተፈቀደልኝም።

ከዚያ ዝም። አንድ ሳምንት፣ ሌላ ሳምንት፣ ሌላም። ታመው ይሁን ድነው፣ ሞተው ይሁን፣ የሚነግረኝ የለም። ለዋናው ሐኪም ሰው ላክሁ፤ መልስ የለም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ስሳደብ ሰው እንዳይሰማኝ መስኮት እዘጋ ነበር። ስንቱን ሰው ለመመለስ ሲለፉ የኖሩት ሴት፣ እሳቸውን የሚመልስ ጠፋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከታችኛው መንደር ቅሬ አንድ ጎልማሳ እየሮጠ መጣ። መልእክቱ ከወረኢሉ ጀምሮ ከመንደር መንደር በአፍ ሲቀባበል ነው የደረሰው። "አያ ሰይድ የሚባል የሆስፒታል ዘበኛ ልኮ ነው" አለ። "የቅሬዋ ሴትዮ ወጥታለች፤ ጎጆዬ አስተኝቻታለሁ፤ ታደሰ ወረኢሉ ያደርሳታል፤ ቃሬዛው ይምጣ፣ ወይራውን እንዳትረሱ ብሏል።"

ፈቃድ አልጠየቅሁም። ቅሬው ቃሬዛውን ይዞ ሲወጣ እኔም ወጣሁ።

ወረኢሉ ስንደርስ ታደሰ መኪናውን ጥግ አስይዞ ይጠብቀናል። እመት አስካለ ጋቢና ውስጥ በአያ ሰይድ ቡልኮ ተጠቅልለው ተደግፈዋል። ሆስፒታሉ የሚያደርግላቸው እንደሌለ ነግሮ አስወጥቷቸው ነበር። እዚህ ግባ የማይባል ሰውነት ቀርቷል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው።

"ማን ነገራችሁ?" አሉኝ።

"አያ ሰይድ።"

"ዋናው ሐኪም አይደለም?"

"አይደለም።"

ከዚያ ያችን የቀኝ እጃቸውን አንስተው መዳፋቸው ላይ ጣል አደረጓት፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። "ወይኔ አስካለ!" አሉ፤ መሳቅ ጀምረው ሳል ያዛቸው። "ይሄን ሁሉ ዓመት የቆምኩት ሌላ ሰው ፊት ነዋ!"

ወይራው ራስጌያቸው ላይ ታስሮ ተሸከምናቸው። የየመንደሩ ቅሬ ድንበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ወይራውን ሲያይ ተቀብሎ ይሮጣል። ከሁለት መንደር በኋላ ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ሞተዋል። መቼ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ድምፅ አላሰሙም። ቃሬዛውን አስቆምኩ።

"ወይራውን ፍቱት" አለ አንዱ በቀስታ።

ማንም እጁን አላነሳም። ሥራዬ ሞትን ማወቅና መናገር ነበር፤ እኔም አላነሳሁም። ማን ይፍታው? ደግሞ ሳንነጋገር ተነሳን። ተሸካሚዎቹ እንደ ቀብር አላዘገሙም፤ እንደ ሕያው ሰው ሮጡ። መካነ ሰላም ዳር ስንደርስ ሴቶቹ ወይራውን ከሩቅ አዩት። "መጡ! እመት አስካለ መጡ!" ብለው ነጠላቸውን እያውለበለቡ፣ እልል እያሉ በጭቃው ወደ እኛ ሮጡ። እልልታው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አጠገባችን ደርሰው ፊታችንን እስኪያዩ ድረስ አላቆመም።

በሰልስታቸው ቀን ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠን፣ እኔ ለአያ በለጠ እየተናገርኩ ነበር። ሆስፒታል የሚያህል ነገር በአንድ ዘበኛ ደግነት ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል ወይ? አያ ሰይድ ነገ ቢሞት፣ ቢባረር፣ እንደገና ሀ ነው፤ በቃ፣ ይሄ ነገር አልቋል እያልኩ ነበር። ያን ጊዜ ያ የታችኛው መንደር ጎልማሳ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስገባ።

"አያ ሰይድ ልኮ ነው" አለ። "አንዲት የወግዲ ሴት ከሆስፒታል ወጥታለች፤ ሰው የላትም፤ እሱ ጋ ናት። ነገ ወረኢሉ ትደርሳለች ብሏል።"

ሰዉ ሁሉ ወደ እመት አስካለ መደብ አየ፤ ባዶ ነው። አያ በለጠ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁላቸው። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ዞሩና ትንሽ ቆይተው የወይራ ቅርንጫፍ ይዘው ተመለሱ።

እኔም እየተናደድኩ ቃሬዛውን ላወጣ ተነሳሁ።